የመነኮሳቱ ቢራና የእናቶቻችን ጋን



ባለፈው ወር ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት እኅታችን ለብቻዬ ልታነጋግረኝ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ከሰዎቹ ጥቂት ራቅ ብለን ቆምን። «አባ፣ እናቴ እኔንና ሦስት ወንድሞቼን ያሳደገችን ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ነው። ሰሞኑን በስልኬ ያዳመጥኩት አንድ ሰባኪ፣ ከመጠጥ የተገኘ ገንዘብ እርግማን አለበት፣ እርግማኑም ለልጅ ይተርፋል ሲል ሰማሁት። እዚህ የሚደርስብኝ መከራ ሁሉ ከዚያ የመጣ ይሆን?» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በልጅነቷ የሰፈር ልጆች «የኮማሪ ልጅ» እያሉ ይሰድቧት እንደ ነበር፣ አሁንም ጓደኞቿ ስለ እናቷ ሥራ ሲጠይቋት «ነጋዴ ናት» ብላ እንደምታልፍ አጫወተችኝ።

በዚያች ሰዓት የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር፤ «የእናትሽ እጅ የተባረከ ነው» አልኳት። ፊቷን ስመለከት ግን እንዲህ ያለው አጭር ቃል ለብዙ ዘመን ለተሸከመችው ኀፍረት እንደማይበቃ ተረዳሁ። ስለዚህ በፈቃዷ፣ ስሟንና አገሯን ሳልጠቅስ፣ የቀረውን መልስ በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ። ጥያቄው የእርሷ ብቻ እንዳይደለም አውቃለሁ። መልሴ የሚጀምረው ከብዙ ዓመታት በፊት ቤልጂየም ውስጥ በአንድ ገዳም አጠገብ ከቀመስኩት አንድ ብርጭቆ ቢራ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በወርቁ ሸለቆ የቀመስኩት

በአውሮፓ በትምህርት ላይ በነበርኩበት ዘመን፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ከሁለት የትምህርት ጓደኞቼ ጋር ወደ ኦርቫል ገዳም ተጓዝን። ኦርቫል በቤልጂየም ደቡባዊ ጫፍ፣ በፈረንሳይ ድንበር አጠገብ፣ በደን በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ነዋሪዎቹ ጥብቅ ሥርዓት የሚከተሉ ሲታውያን፣ በተለምዶ ትራፒስት የሚባሉ መነኮሳት ናቸው። ሲታውያን ለእኛ ቤተ ክርስቲያን እንግዶች አይደሉም፤ በ1930ዎቹ ዓመታት ከአገራችንና ከኤርትራ የሄዱ ወጣቶች በጣልያን በካዛማሪ ገዳም ይህንኑ ሥርዓት ተቀብለው ወደ ምድራችን አምጥተውታል።

የፈረሰውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጎብኝተን፣ ከመነኮሳቱ ጋር ጸሎተ ሠርክ ካደረስን በኋላ፣ በገዳሙ አቅራቢያ ባለች የእንግዳ ማረፊያ ተቀመጥን። አስተናጋጁ ሁለት ጠርሙስ አመጣልን፤ አንዱ ከተጠመቀ ጥቂት ወራት የሆነው፣ ሁለተኛው ከዓመት በላይ በምድር ቤት የቆየ ነበር። የቀረበልን ብርጭቆ እግርና ሰፊ አፍ ያለው፣ ጽዋ የሚመስል ነው።

ስለ መጠጡ ዓይነት ጥቂት ልበል። ቢራ በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላል። በአገራችን በጠርሙስ የምናውቀው ቢራ አብዛኛው ላገር የሚባለው ነው፤ እርሾው በቅዝቃዜ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሠራና ከሥር ይዘቅጣል። ኤል የሚባለው ግን እጅግ የቆየው ወገን ነው፤ እርሾው ሞቅ ባለ ስፍራ ፈጥኖ ይሠራና ወደ ላይ ይገነፍላል። ከኤል መካከል ቀለሙ በብርቱካንማና በቡናማ መካከል የሆነውን ፈረንጆች አምበር ይሉታል። ቀለሙ የሚመጣው ብቅሉ በእሳት ጠቆር እንዲል ከመደረጉ ነው። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን እንኩሮውን ሲያምሱ የሚያደርጉት ከዚህ የራቀ አይደለም።

በብርጭቆው ውስጥ ያየሁት ቀለም የጠይም ማር ቀለም ነበር፤ ጥቂት ደፍረስ ያለ፣ በላዩ ወፍራም ነጭ አረፋ የተቀመጠበት። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው በመጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭና የደረቀ ሣር ሽታ መጣልኝ። ስቀምሰው ለአፍታ ያህል የተቆላ ገብስ ጣፋጭነት ምላሴን ነካ፤ ወዲያው ግን መራራነት ተከተለ። መራራነቱ እንደ መድኃኒት የሚያንገፈግፍ አልነበረም። ከምላስ ሥር ቀስ ብሎ ተቀምጦ የሚቆይ፣ አፍን የሚያደርቅ፣ ሌላ ጉንጭ ደግሞ የሚያስመኝ ነበር። የቆየው ጠርሙስ ሲከፈት የብርቱካኑ ሽታ ደክሞ፣ በምትኩ የምድር ቤት፣ የአሮጌ ቆዳ፣ የኮርቻ ሽታ ነበረው፤ ጣፋጭነቱም ፈጽሞ ጠፍቶ ጥቂት ሆምጠጥ ብሎ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሳላስበው በአማርኛ «ጌሾ!» አልኩ። ጓደኞቼ ምን ማለቴ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እኔ ግን በዓመት በዓል ዋዜማ በአያቴ ቤት ነበርኩ። በወይራ ጢስ የታጠነው ጋን፣ በጥግ የተቀመጠው ጥንስስ፣ በእጇ ጠላውን እየጠለለች «ቅመስና ንገረኝ» የምትለኝ አያቴ፣ ሁሉም ከአንድ ባዕድ ጽዋ ውስጥ ወጥተው በፊቴ ቆሙ። የዚያ ቀን ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ዝምታንና ጸሎትን የመረጡ መነኮሳት ከአያቴ ጋር በአንድ ሙያ እንዴት ተገናኙ?

ፍርስራሹን ያነሣ ሥራ

የገዳሙ ታሪክ መልሱን በከፊል ይሰጣል። በ1070 ገደማ ከደቡብ ጣልያን፣ ከካላብሪያ የተነሡ የቤነዲክቶስ መነኮሳት ተሰደው ወደዚያ ሸለቆ መጡ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ የቶስካናዋ ልዕልት ማቲልዳ ባሏ ከሞተባት በኋላ በዚያ በኩል ስታልፍ የጋብቻ ቀለበቷ ከምንጭ ውስጥ ወደቀባት። ብትጸልይ አንድ ዓሣ ቀለበቱን በአፉ ይዞ ወጣ፤ እርሷም ከደስታዋ የተነሣ ስፍራውን የወርቅ ሸለቆ ብላ ጠራችው። የኦርቫል ስም ከዚህ እንደ መጣ ይተረካል። ቀለበት የያዘው ዓሣ እስከ ዛሬ የገዳሙ ምልክት ነው፤ በቢራው ጠርሙስና በብርጭቆው ላይም ይታያል።

በ1132 ሲታውያን ከትሯ ፎንቴን ገዳም መጥተው ቦታውን ተረከቡ። ትሯ ፎንቴን የቅዱስ በርናርዶስ ገዳም የክሌርቮ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ገዳሙ ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ በዚያ ኖረ፤ በ1793 ግን የፈረንሳይ አብዮት ጦር መጥቶ አቃጠለው፣ መነኮሳቱም ተበተኑ። ከዚያ በኋላ ለ133 ዓመታት ጸሎት የተሰማበት አልነበረም። በጣራ አልባው ቤተ መቅደስ ውስጥ ዛፍ በቀለ።

በ1926 ቦታውን የያዘው ቤተሰብ ፍርስራሹንና በዙሪያው ያለውን መሬት ለሲታውያን መለሰ። ሥራውን እንዲጀምሩ ከተላኩት መካከል ከብራዚል የተመለሱ መነኮሳት ነበሩ፤ ማለትም በሰው አገር ደክመው የመጡ ሰዎች ናቸው። በእጃቸው የነበረው ገንዘብ ለእንዲህ ያለ ግንባታ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ብዙ መንገድ ሞከሩ። አይብ ሠርተው ሸጡ፤ ለግንባታው መርጃ የሚውል ተጨማሪ ዋጋ ያለው የፖስታ ቴምብር ታተመላቸው፤ በ1931 ደግሞ ቢራ መጥመቂያ አቋቋሙ። ለመጥመቁ ሥራ ከመጀመሪያው አንሥቶ ምእመናን ሠራተኞችን ቀጠሩ። የመጀመሪያው ዋና ጠማቂ ከባቫሪያ የመጣ ጀርመናዊ ነበር። በ1932 የመጀመሪያው ቢራ ከገዳሙ ወጣ፤ በ1948 አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ተባረከ።

ዛሬ ወደ ኦርቫል የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያያል። በአንድ በኩል የ1793ቱ ፍርስራሽ እንዳለ ተጠብቆ ቆሟል። በሌላ በኩል ወርቃማ ቀለም ባለው ድንጋይ የተሠራው አዲሱ ገዳም አለ። በእነዚህ ሁለት ግንቦች መካከል ያለው ድልድይ የሰው እጅ ሥራ ነው። አይብና ቢራ ሸጠው፣ ዋጋውን ድንጋይ በድንጋይ ላይ አኖሩት። እኅቴ ሆይ፣ እናትሽም እንዲሁ አድርጋለች፤ የእርሷ ድንጋዮች አራት ልጆች ነበሩ።

መራራው ቅጠል

የመነኮሳቱና የእናቶቻችን ሙያ የሚገናኙበት ሁለተኛው ስፍራ መራራነቱ ነው። የገብስ ብቅልና ውኃ ብቻቸውን ቢብላሉ የሚሰጡት መጠጥ ጣፋጭና ደካማ ነው፤ ቶሎም ይበላሻል። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ጠማቂዎች የሚያቆየውን ቅጠል ፈልገዋል። በእኛ አገር የተገኘው ጌሾ ነው፤ ቅጠሉም እንጨቱም ለጠላ ይገባል፣ እንጨቱ ለጠጅም ያገለግላል። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ግሩት የሚባል የልዩ ልዩ ዕፀዋት ቅይጥ ይጨመር ነበር፤ በኋላ ግን ሆፕ የሚባለው ተንጠላጣይ ተክል ቦታውን ወሰደ። ጌሾና ሆፕ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ተክሎች ናቸው፤ በጋን ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ሆፕ ለቢራ እንደሚገባ ከሚመሰክሩት ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚው የተገኘው ከገዳም ነው። በሰሜን ፈረንሳይ የምትገኘው የኮርቢ ገዳም አበ ምኔት አዳልሃርድ በ822 ለገዳሙ ባወጣው ደንብ ውስጥ ሆፕ እንዴት እንደሚሰበሰብና እንደሚከፋፈል ወስኗል። በ12ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የቢንገኗ ቅድስት ሂልደጋርድ ስለ ተፈጥሮ በጻፈችው መጽሐፍ፣ የሆፕ መራራነት መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ገልጻለች። ይህች መነኩሲት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 16ኛ በ2012 ከቤተ ክርስቲያን መምህራን መካከል የቆጠሯት ናት። ስለ ራእይና ስለ ዜማ የጻፈች ሴት፣ ስለ ቢራ ቅጠልም መጻፍን ከክብሯ የሚያወርዳት ነገር አላደረገችውም።

የኦርቫል መነኮሳት በዚህ መራራነት ላይ ሁለት ነገር ይጨምራሉ። መጀመሪያ፣ ቢራው ከተብላላ በኋላ ደረቅ ሆፕ እንደ ገና ይገባበታል፤ የብርቱካኑና የሣሩ ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀጥሎ፣ ፈረንጆች የዱር እርሾ የሚሉት ሌላ እርሾ ይገባበትና በጠርሙሱ ውስጥ እንደ ገና ይብላላል። ይህ እርሾ የቀረውን ስኳር ቀስ እያለ ለወራት ይበላል። ጠርሙሱ በቆየ ቁጥር ጣፋጭነቱ እየቀነሰ የቆዳና የምድር ቤት ሽታ የሚይዘው ስለዚህ ነው። የአልኮሉ መጠን በጠርሙሱ ላይ 6.2 በመቶ ተብሎ ተጽፏል፤ ይህም ከተራው የጠርሙስ ቢራ ከፍ ያለ ነው።

ይህን ስጽፍ ስለ ብዙዎቻችሁ ሕይወት አስባለሁ። ከቤት የወጣችሁበት የመጀመሪያው ጣፋጭ ተስፋ ቀስ በቀስ ተበልቷል። የቀረው መራራ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ያ መራራ ነገር፣ ማለትም ትዕግሥቱ፣ ናፍቆቱ፣ በየወሩ የሚላከው ገንዘብ፣ ሳይበላሽ ያቆያችሁ እርሱ እንደ ሆነ አይቻለሁ።

የቅዱስ ቤነዲክቶስ ልክ

አሁን ወደ ሰባኪው ቃል እንመለስ። መጠጥ መጥመቅ በራሱ እርግማን ቢሆን ኖሮ፣ ቅዱሳን በገዳማቸው ባልፈቀዱት ነበር። በስዊዘርላንድ በቅዱስ ጋለን ገዳም ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ፣ በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሣለ አንድ የገዳም ንድፍ አለ። በዚያ ንድፍ ላይ ከቤተ መቅደሱ፣ ከመጻሕፍት ቤቱና ከሕሙማን ማረፊያው ጋር ሦስት የመጠጥ መጥመቂያ ክፍሎች ይታያሉ፦ አንዱ ለመነኮሳቱ፣ ሁለተኛው ለክብር እንግዶች፣ ሦስተኛው ለነጋድያንና ለድሆች ነው። ንድፉን የሣሉት መነኮሳት ለድሀው መንገደኛ የሚጠጣ ነገር ማዘጋጀትን የገዳሙ ተግባር አድርገው እንደ ቆጠሩት ከዚህ እንረዳለን።

የእነዚህ መነኮሳት ሁሉ አባት ቅዱስ ቤነዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ሥርዓት ለጉዳያችን የሚሆኑ አራት ትምህርቶችን ትቶልናል።

አንደኛው በምዕራፍ 48 የሚገኘው ስለ ሥራ የሰጠው ትምህርት ነው። ሥራ መፍታት ነፍስን እንደሚጎዳ ያስተምራል፤ መነኮሳት እውነተኛ መነኮሳት የሚሆኑትም እንደ አባቶቻቸውና እንደ ሐዋርያት በእጃቸው ሥራ ሲኖሩ እንደ ሆነ ይናገራል።

ሁለተኛው በምዕራፍ 57 ስለ ባለሙያዎች የተጻፈው ነው። የገዳሙ የእጅ ሥራ ሲሸጥ ስስት እንዳይገባበት ያስጠነቅቃል፤ ዋጋውም ሌሎች ከሚሸጡበት ጥቂት ዝቅ ይበል ይላል። ባለሙያው በሙያው ቢኮራ ደግሞ ከሥራው እንዲነሣ ያዛል።

ሦስተኛው በምዕራፍ 31 ለገዳሙ መጋቢ የሰጠው ምክር ነው። መጋቢው የገዳሙን ዕቃ ሁሉ፣ ድስቱንም ማሰሮውንም፣ እንደ መሠዊያ ንዋያተ ቅድሳት ይመልከት ይላል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ በወይራ ጢስ የታጠነች የአያቴ ጋን ትታየኛለች። አያቴ ጋኑን ሳታጥብና ሳታጥን ጥንስስ አትጥልበትም ነበር፤ ስትጥልም ታማትብ ነበር። ሥርዓተ ቤነዲክቶስን አንብባ አታውቅም፤ ትፈጽመው ነበር።

አራተኛው በምዕራፍ 40 ስለ መጠጥ ልክ የተሰጠው ነው። ቅዱሱ ለሌላ ሰው የምግብና የመጠጥ ልክ መወሰን እንደሚያስፈራው በግልጽ ይናገራል። ሆኖም ስለ ደካሞች ብሎ ለእያንዳንዱ መነኩሴ በቀን ሔሚና የምትባል አንዲት ትንሽ መስፈሪያ ወይን ይበቃል ብሎ ይወስናል። እግዚአብሔር የመታቀብን ጸጋ የሰጣቸው ደግሞ የራሳቸው ዋጋ እንዳላቸው ያስታውሳል። ለመጠጥ የፈቀደው ይህ አባት ስካርን ግን ፈጽሞ ይከለክላል፤ ወይን ጠቢባንን እንኳ ከመንገዳቸው እንደሚያወጣ ከመጽሐፍ ጠቅሶ ያሳስባል። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ የምዕራፉ መጨረሻ ነው። የቦታው ሁኔታ ያን ያህል እንኳ የማይፈቅድ ከሆነ፣ ጥቂት ብቻ ወይም ምንም የማይገኝ ከሆነ፣ በዚያ የሚኖሩት እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑና እንዳያጉረመርሙ ይመክራል።

ይህ የመጨረሻው ምክር በቀጥታ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። ከመካከላችን አንዳንዶች መጠጥ መጥመቅም፣ መሸጥም፣ መጠጣትም በሕግ በተከለከለባቸው አገሮች ይኖራሉ። በእነዚህ አገሮች በኪራይ ቤት ተደብቀው በመጥመቃቸው የታሰሩና የተባረሩ ልጆቻችንን አውቃለሁ። ስለ መነኮሳቱ ቢራ የጻፍኩት ማንም በዚያ መንገድ እንዲሄድ አይደለም። የምንኖርበትን አገር ሕግ እናከብራለን፤ ያለ ጠላም ያለ ቢራም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ስለ ስካርም በግልጽ ልናገር። የሰባኪው ቃል ስሕተት ቢሆንም የተነሣበት ቁስል እውነት ነው። በብቸኝነትና በናፍቆት ተነሥተው የወር ደመወዛቸውን በአንድ ሌሊት የሚያጠፉ ወንዶች አሉ። በአባታቸው ስካር ምክንያት ከቤት የወጡ፣ ዛሬ በዚህ አገር የሰው ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች አሉ። ለእነዚህ ሰዎች የመጠጥ ሽታ የመከራ ሽታ ነው፤ የእኔ የጠይም ማር ቀለምና የብርቱካን ሽታ ትዝታ አያጽናናቸውም። ከመጠጥ ጋር የሚታገል ሰው ካለ፣ ለእርሱ ልኩ አንዲትም ጉንጭ አለመቅመስ ሊሆን ይችላል። ይህም ውርደት አይደለም፤ ቅዱስ ቤነዲክቶስ ከጸጋ የቆጠረው ነው። እንዲህ ያለ ሸክም ያለባችሁ ሳታፍሩ ወደ እኔ ኑ።

መነኮሳቱም ይህን አደጋ አይዘነጉትም። ለራሳቸው ገበታ የሚያቀርቡት ለገበያ ከሚወጣው ቀለል ያለ ቢራ ነው፤ የእኛን ቅራሪ ያስታውሰናል። በ1997 ትራፒስት ገዳማት ኅብረት መሥርተው፣ ስማቸውን በያዘ ምርት ላይ ሕግ አወጡ። ቢራው በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ወይም በቅርብ አካባቢው መጠመቅ አለበት፤ መነኮሳቱ ራሳቸው ሊቆጣጠሩት ይገባል፤ ገቢውም ለገዳሙ ኑሮ ከዋለ በኋላ የሚተርፈው ለተቸገሩ ይሰጣል። የመጥመቂያው ሥራ ከገዳማዊው ሕይወት በታች እንዲቆም ተደርጓል። ደወሉ ሲደወል ጸሎት ይቀድማል።

ጋኑና ጽዋው

የእርግማኑ ጥያቄ ይቀራል። ጌታችን ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ዕውር የሆነውን ሰው ባገኘ ጊዜ፣ ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ፣ የእርሱ ወይስ የወላጆቹ፣ ጠይቀውት ነበር። ጌታችንም የሁለቱም እንዳልሆነ መለሰላቸው። ይህ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን በደል እንደማይሸከም አስተምሯል። እንግዲህ የአሠሪሽ ክፋት የአሠሪሽ ነው፤ የተነጠቀ ደመወዝሽም የነጣቂው ኃጢአት ነው። ይህን ሁሉ በእናትሽ ጋን ላይ መጫን ሐሰት ነው። በቃና ዘገሊላ ስድስት የድንጋይ ጋኖችን በወይን የሞላ ጌታ፣ ልጆቿን ለማሳደግ ጋን ያጠነችን መበለት አይረግምም።

በአገራችን ጠላ ቤት መሆኑን ለማሳወቅ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ በደጅ ይተከላል። ብዙዎቻችን በዚያ ምልክት ሥር ስናልፍ በዚያ ቤት ያለችውን ሴት ዝቅ አድርገን ተመልክተናል። ጠላዋን ግን ለማኅበር፣ ለዝክር፣ ለሠርግና ለተዝካር ጠርተናታል። በኦርቫል ጠርሙስ ላይ ቀለበት የያዘውን ዓሣ ሲያዩ ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች በአክብሮት ፎቶግራፍ ያነሡታል። የተደፋችው ጣሳ ለምን ያንኑ ክብር አጣች? መነኮሳቱ ፍርስራሽ ለማንሣት እንደ ጠመቁ፣ ያቺ ሴትም ቤት እንዳይፈርስ ጠምቃለች። ልዩነቱ የመነኮሳቱ ታሪክ መጻፉ፣ የእርሷ ግን ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

ባለፈው እሑድ ያችን እኅታችንን እንደ ገና አገኘኋት። የጽሑፌን ሐሳብ ከነገርኳት በኋላ አንድ ነገር ጠየቅኋት፦ «እናትሽ የሰከረ ሰው ሲመጣባት ምን ታደርግ ነበር?» እርሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። «አባ፣ እናቴ ሰው ሲሰክር ካየች አትቀዳለትም። ‹ይበቃሃል፣ ወደ ልጆችህ ግባ› ትለዋለች። ሰውዬው ቢጨቃጨቃት ወጥታ ጣሳውን ከእንጨቱ ላይ ታወርደውና በሩን ትዘጋለች። በዚያ ቀን ሌላ ሽያጭ የለም። እኛም ራታችንን ቆሎ እንበላ ነበር» አለችኝ።

እኔም «እንግዲያው እናትሽ ቅዱስ ቤነዲክቶስ በመጽሐፍ የጻፈውን ልክ በጣሳዋ ጠብቃለች» አልኳት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ» አለችኝ።

ሌሎቻችሁም ደውሉ። እናቶቻችሁ በጋን፣ በምጣድ፣ በጉልት፣ በእንጨት ሸክም ያሳደጓችሁ ሁሉ፣ ሥራቸውን በስሙ ጠርታችሁ አመስግኗቸው። የእጃቸውን ሥራ የባረከ አምላክ የእናንተንም እጅ ይባርክ፤ ወደ ቤታችሁም በሰላም ይመልሳችሁ። አሜን።